የተሰበረ መለዋወጫን አትሞ ለመተካት፦ ለጀማሪዎች የሚስማማ ነጻ የንድፍ ሶፍትዌር አመራረጥ

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ማየት የተለመደ ሆኖ ነበር። ይህ ቀላል ዝግጅት በሽታውን ለመከላከል የሚሰጠው አገልግሎት ከፍተኛ ነው። ሆኖም አገልግሎቱ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እርሷም የቧንቧው መክፈቻ ናት። በቀን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያዞራት ይህች የፕላስቲክ መክፈቻ ስትሰበር ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ በርሜሉ ውሃ እንደ ሞላ ያለ ሥራ ይቆማል፣ ወይ ደግሞ መታጠብ የሚፈልግ ሁሉ ያንኑ የብረት ዘንግ በጣቱ እየጠመዘዘ ከእርሱ በፊት የነካው ሰው ያሳረፈውን ሁሉ ይቀበላል።

በወረርሽኝ ወቅት መለዋወጫ እንደ ወትሮው ከገበያ ላይገኝ ይችላል። እንቅስቃሴ ይገደባል፣ ዕቃ ከውጭ ለመግባት ይዘገያል፣ ሱቆችም ይዘጋሉ። በአንጻሩ በልማድ ስሪዲ ፕሪንተር እየተባለ የሚጠራው ባለሦስት አውታር ማተሚያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የቴክኒክ ተቋማትና የግል ወርክሾፖች ይገኛል። ማተሚያው የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ዕቃ ይሠራል። ነገር ግን ማተሚያው ያለ ንድፍ ሥራ ሊጀምር አይችልም። ንድፉን የሚያዘጋጀው ሰው ደግሞ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ በትክክል መለካትና ለሥራው የሚስማማ ሶፍትዌር መምረጥ ከቻለ በቂ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከዚህ በፊት ምንም ንድፍ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ያለ ክፍያ ከሚገኙት ሶፍትዌሮች መካከል የትኛውን፣ ለምን እንደሚመርጥ ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለበት፦ የሚታተምና የማይታተም

ሶፍትዌር ከመመረጡ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ዕቃ ነገ ቢሰበር በሰው ላይ ምን ይደርሳል? መልሱ "ሌላ እናትማለን" ከሆነ ሥራውን መቀጠል ይቻላል። መልሱ "ሕመምተኛው ይጎዳል" ከሆነ ግን ሥራው የጀማሪ አይደለም።

በመጀመሪያው ምድብ የቧንቧ መክፈቻ፣ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ማንጠልጠያ፣ የፊት መከለያ ማሰሪያ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ክር ጆሮን እንዳይጎዳ ከጭንቅላት ጀርባ የሚይዝ ማያያዣ፣ በር በክርን ለመክፈት የሚረዳ እጀታ፣ የመድኃኒት ጋሪ መሳቢያ መያዣና እነዚህን የመሳሰሉት ይካተታሉ። በሁለተኛው ምድብ የመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያ ክፍሎች፣ የኦክስጅን ሲሊንደር መቆጣጠሪያና ማገናኛ፣ ከደም ወይም ከቁስል ጋር የሚነካካ ማንኛውም ነገር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬትና መሰኪያ እንዲሁም የሕመምተኛን ክብደት የሚሸከም የአልጋ ክፍል ይገኛሉ። እነዚህን በቤት ወይም በወርክሾፕ አትሞ መግጠም ፈጽሞ አይገባም። የሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚፈጸም በመሆኑ፣ ለጤና ተቋም የሚታሰብ ማንኛውም የሕክምና መሣሪያ ክፍል በቅድሚያ ለተቋሙ የባዮሜዲካል ባለሙያና ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል መቅረብ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን ብሬሻ አውራጃ፣ በኪያሪ ከተማ ሆስፒታል ለሕሙማን ኦክስጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉ ቬንቱሪ የሚባሉ ቫልቮች አለቁ። ኢሲኖቫ የተባለው ኩባንያ መሥራች ክርስቲያን ፍራካሲና ባልደረባው አሌሳንድሮ ሮማዮሊ ቫልቩን ለክተው፣ ንድፉን ሠርተውና አትመው በአጭር ጊዜ ውስጥ አቀረቡ። ታሪኩን የሚያነብ ሰው በአብዛኛው የሚያስታውሰው ፍጥነቱን ነው። ነገር ግን ዕቃውን የጠየቀው ሆስፒታሉ፣ የሞከሩትም ሐኪሞቹ፣ የሠሩትም በሙያው የኖሩ መሐንዲሶች እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም። ሌላ ምንም አማራጭ በጠፋበት ሰዓት ባለሙያዎች በኃላፊነት የወሰዱት እርምጃ ለጀማሪ እንደ አርአያ የሚወሰድ አይደለም። ከዚህ ልንወስደው የሚገባን ትምህርት የተጠቃሚውን ፍላጎት ሰምቶ፣ ለክቶና ሞክሮ መሥራትን ነው።

በማተሚያ የተሠራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳሳሰበው፣ በዚህ መንገድ የሚሠሩ መከላከያዎች አካላዊ ግርዶሽ ሊሆኑ ቢችሉም ፈሳሽን በመከላከልና አየርን በማጣራት ረገድ ፈቃድ ካገኙት የቀዶ ሕክምና ማስኮችና ኤን-95 ጋር እኩል ጥበቃ ይሰጣሉ ተብሎ አይጠበቅም።

ከመንደፍ በፊት መፈለግ

የሚፈለገው ዕቃ ንድፍ ቀድሞ ተሠርቶ በነጻ ተለቅቆ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በቼክ ሪፐብሊክ የሚገኘው ፕሩሳ ሪሰርች የፊት መከለያ ማሰሪያ ንድፉን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም ለወረርሽኙ የተዘጋጁ ንድፎችን በመሰብሰብ፣ የተገመገሙትንና ያልተገመገሙትን ለይቶ የሚያሳይ ማኅደር አዘጋጅቷል። ተመሳሳይ ዕቃ በዚህ ዓይነት ማኅደር ካለ፣ በሌሎች እጅ ተሞክሮ የተስተካከለውን መጠቀም ከአዲስ ንድፍ ይመረጣል።

ሆኖም የበርሜል ቧንቧ ዓይነቱ ብዙ ነው። የአንዱ ዘንግ አራት ማዕዘን፣ የሌላው ክብና ጥርሳም ነው፤ ውፍረታቸውም ይለያያል። የእርስዎ ቧንቧ ንድፍ በየትም ላይገኝ ስለሚችል ራስዎ ለክተው መሥራት ግድ ይሆናል። ሶፍትዌር የመምረጡ ጉዳይም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

መልካም ሶፍትዌር በምን ይታወቃል?

ለመለዋወጫ ሥራ የሚሆን ሶፍትዌር ሲመረጥ አምስት ነገሮችን መመልከት ይገባል።

አንደኛ፣ ልኬትን በቁጥር መቀበል አለበት። ቅርጹን በዓይን ግምት እየጎተቱ ማስተካከል ለጌጣጌጥ ሥራ ያገለግላል፤ በዘንግ ላይ ለሚገባ ቀዳዳ ግን "8.3 ሚሊ ሜትር" ብሎ መጻፍ መቻል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለእርማት የተመቸ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሕትመት ሳይገጥም መቅረቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድን ቁጥር ለመለወጥ ሥራውን ሁሉ ከእንደገና የሚያስጀምር ሶፍትዌር ጊዜንም ፕላስቲክንም ያባክናል።

ሦስተኛ፣ ከኮምፒዩተርዎና ከኢንተርኔት አገልግሎትዎ ጋር መስማማት አለበት። በብራውዘር የሚሠራ ሶፍትዌር መጫን አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሥራውም ይቋረጣል። የሚጫን ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አራተኛ፣ "ነጻ" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። አንዳንዱ ለማንኛውም ሰውና ለማንኛውም ሥራ ለዘለቄታው ነጻ ነው። ሌላው ነጻ የሚሆነው ለግል መማሪያ ብቻ ሲሆን፣ ለተቋም ሥራ ክፍያ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ያለ ክፍያ ሲሰጥ ሥራዎ ለሁሉም እንዲታይ ያስገድዳል። ቁልፉ ተሰብሮ የሚሸጥ የተሰረቀ ሶፍትዌር ግን ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ኮምፒዩተርን የሚጎዳ ፕሮግራም ተሸክሞ ሊመጣ ስለሚችል መወገድ አለበት።

አምስተኛ፣ ማተሚያዎች የሚቀበሉትን የኤስቲኤል ፋይል ማውጣት መቻል አለበት።

በነጻ የሚገኙት ሶፍትዌሮች ሲነጻጸሩ

ቲንከርካድ ለፍጹም ጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። የአውቶዴስክ ኩባንያ የሚያቀርበው ሲሆን በብራውዘር ይሠራል፤ ክፍያም የለውም። አሠራሩ ሕፃናት በመጫወቻ ጡብ ቤት እንደሚሠሩት ነው። ሣጥን፣ ሲሊንደርና ሌሎች ቅርጾች ይቀርባሉ፤ መጠናቸው በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አንዱ ቅርጽ "ጠጣር" ሌላው "ቀዳዳ" ይባልና ሁለቱ ሲጣመሩ የቀዳዳው ቦታ ተቀርፎ ይወጣል። በጥቂት ሰዓታት ልምምድ ቀላል መለዋወጫ መሥራት ይቻላል። ድክመቱ ክፍሎቹ በልኬት እርስ በርስ የተሳሰሩ አለመሆናቸው ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ግድግዳው አብሮ አይሰፋም፤ እያንዳንዱን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ኢንተርኔት በሌለበትም ማገልገሉን ያቆማል።

ፍሪካድ ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተገነባ ያለ፣ የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ለግልም ለተቋምም ያለ ገደብ ነጻ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። አንዴ ከወረደ በፍላሽ ከሰው ለሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ ይህም ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት አካባቢ ትልቅ ጥቅም አለው። በፍሪካድ በመጀመሪያ ጠፍጣፋ ንድፍ ይሣላል፤ በየመስመሩ ላይ ልኬት ይጻፋል፤ ከዚያም ንድፉ ውፍረት ተሰጥቶት አካል ያገኛል። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው አንዱን ቁጥር ቢለውጡ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩት ሁሉ አብረው ይስተካከላሉ። ለመማር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ የሚያጋቡ መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል።

ኦፕንኤስካድ በመዳፊት አይሣልበትም፤ ዕቃው በጽሑፍ ይታዘዛል። "ይህን ያህል ርዝመት ያለው ሣጥን አድርግ፣ ከመካከሉ ይህን ያህል ቀንስ" የሚል ትእዛዝ ተጽፎ ቅርጹ በአጠገቡ ይታያል። እርሱም የምንጭ ኮዱ ክፍት፣ ያለ ገደብ ነጻ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ነው። ልኬቶቹ ከላይ በተርታ ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ አንድ ንድፍ ለአሥር ዓይነት ቧንቧ ቁጥሩን ብቻ በመለወጥ ያገለግላል። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ በመሆናቸው ኮምፒዩተር የሚማር ተማሪ በቤት ካለ አብሮ መሥራት ይጠቅማል።

ኦንሼፕ እና ፊውዥን ባለሙያዎች የሚገለገሉባቸው ኃይለኛ ሶፍትዌሮች ናቸው። ኦንሼፕ በብራውዘር ይሠራል፤ በነጻው አገልግሎት የሚሠራ ንድፍ ግን ለሁሉም ሰው ክፍት ይሆናል። ፊውዥን ለግል፣ ገቢ ለማያስገኝ ሥራ በተወሰነ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ሁለቱንም ለመጠቀም የሚያስቡ፣ በተለይ ተቋማት፣ የፈቃድ ውሉን በጥሞና ሊያነቡ ይገባል።

ብሌንደር ነጻና እጅግ የሚደነቅ ሶፍትዌር ቢሆንም የተሠራው በዋነኛነት ለተንቀሳቃሽ ሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ነው። ስኬችአፕም ነጻ የብራውዘር አገልግሎት አለው፤ ዓላማው ግን የሕንፃ ንድፍ ነው። በልክ ለሚገጥም መለዋወጫ ጀማሪ ከሁለቱ ባይጀምር ይመረጣል።

በአጭሩ ዛሬውኑ አንድ ቀላል ዕቃ መሥራት ለሚፈልግ ቲንከርካድ፣ በተደጋጋሚ ለሚሠራ ወይም ለተቋም ለሚያገለግል ፍሪካድ፣ ሒሳብና ጽሑፍ ለሚቀለው ወይም ደከም ያለ ኮምፒዩተር ላለው ኦፕንኤስካድ ይስማማል።

በምሳሌ፦ በክርን የሚከፈት የበርሜል ቧንቧ

የተሰበረውን መክፈቻ በአዲስ ስንተካ አሻሽለን መተካት እንችላለን። የቀድሞው መክፈቻ በጣት የሚዞር አጭር ቁልፍ ነበር እንበል። አዲሱን 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ብናደርገው በክርን ሊገፋ ይችላል፤ መዳፍም ሆነ ጣት አይነካውም።

መጀመሪያ ቧንቧውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከዚያም የብረት ዘንጉን በካሊፐር ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ አቅጣጫ ይለኩ። ተራ ማስመሪያ አንድ ሚሊ ሜትርን ብቻ ስለሚለይ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ዘንጉ አራት ማዕዘን ሆኖ ጎኑ 8.0 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳውን ልክ 8.0 አድርጎ መንደፍ የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ሲዘረጋ ቀዳዳው በጥቂቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከማተሚያ ማተሚያ ይለያያል።

ትክክለኛውን ለማወቅ መላውን መክፈቻ ከማተም በፊት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ ቁራጭ ይንደፉ፤ በላይዋም 8.1፣ 8.3 እና 8.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎችን ያድርጉ። ይህች ቁራጭ በአጭር ጊዜ ታትማ ዘንጉ ላይ ትሞከራለች። ሳይጨናነቅና ሳይላላ የገባው ቀዳዳ ልኬት በመጨረሻው ንድፍ ላይ ይጻፋል። በቀዳዳው ዙሪያ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ይተዉ፤ የማሰሪያውን ብሎን ማስገቢያም አይርሱ።

በቲንከርካድ ይህ ሥራ አንድ ረጅም ሣጥን፣ በጫፉ አንድ ሲሊንደር፣ በሲሊንደሩ መካከል ደግሞ ሁለት "ቀዳዳ" ቅርጾች ማለት ነው። በፍሪካድ አንድ ንድፍና ሁለት ትእዛዝ ነው። በኦፕንኤስካድ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ልዩነቱ የሚታየው የጎረቤት መሥሪያ ቤት መጥቶ "የእኛ ቧንቧ ዘንግ 9 ሚሊ ሜትር ነው" ሲል ነው። በኋለኞቹ ሁለቱ አንድ ቁጥር ተለውጦ ሥራው ያልቃል።

ከንድፍ ወደ ሕትመት

ንድፉ በኤስቲኤል ፋይል ከወጣ በኋላ በስስ ንጣፍ ወደሚከፋፍለው ሌላ ሶፍትዌር ይገባል። ኩራ እና ፕሩሳስላይሰር ለዚህ የሚያገለግሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው። የኤስቲኤል ፋይል ቁጥሩን እንጂ የመለኪያውን ዓይነት አይመዘግብም። በኢንች የተነደፈ ዕቃ በሚሊ ሜትር ሲነበብ 25.4 ጊዜ አንሶ ይታያል። ስለዚህ ከማተምዎ በፊት በመስኮቱ ላይ የሚታየው ርዝመት ከነደፉት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

የዕቃው አቀማመጥም ጥንካሬውን ይወስናል። የታተመ ዕቃ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፣ ንጣፎቹን ለማለያየት ሲስቡት ግን ይላቀቃል። የቧንቧው መክፈቻ ቆሞ ከታተመ በክርን ሲገፋ በንጣፎቹ መካከል ይቆረጣል፤ ተጋድሞ ሲታተም ግን ጉልበቱን ይቋቋማል።

ፕላስቲኩን በተመለከተ፣ ለማተም ቀላሉ ፒኤልኤ ሲሆን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ፔትጂ የሚባለው እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ፀሐይ ላይ ለሚውል በርሜል ፔትጂ ይሻላል። ሁለቱም በ121 ዲግሪ በሚሠራ የእንፋሎት ማምከኛ ቅርጻቸውን ስለሚያጡ በዚያ መንገድ ሊመከኑ አይችሉም።

ንጽሕናና አያያዝ

በንጣፎቹ መካከል ያሉት ጥቃቅን ስንጥቆች ቆሻሻን ስለሚይዙ የታተመ ዕቃን ማጽዳት ከለስላሳ ፕላስቲክ ይልቅ ያስቸግራል። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት የኮቪድ-19 ቫይረስ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። በመሆኑም፦

ዕቃውን የሚያትም ሰው እጁን ይታጠብ፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ያድርግ። የሕመም ስሜት ካለው ሥራውን ለሌላ ይተው።

የተጠናቀቀው ዕቃ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ከረጢት ይቀመጥ።

ከተገጠመ በኋላ በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፤ ቀጥሎም 0.1 በመቶ ክሎሪን ባለው ውሃ ይወልወል። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ይህ መጠን ይገኛል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል ግን አደገኛ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ፤ ከተገኘ ዕቃው ይለወጥ። ለዚህም የንድፉን ፋይል፣ ልኬቱን፣ የፕላስቲኩን ዓይነትና የታተመበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ ምርጡ ሶፍትዌር ብዙ ነገር የሚችለው አይደለም፤ ትክክለኛ ቁጥር እንዲጽፉ የሚያደርግዎና ሲሳሳቱ ለማረም የማያስቸግርዎ ነው። በመጀመሪያ ዕቃው ሊታተም የሚገባው መሆኑን ይለዩ፤ ከዚያ የተዘጋጀ ንድፍ ይፈልጉ፤ ካጡ ለክተው ይንደፉ፤ በትንሽ ቁራጭ ይሞክሩ፤ በመጨረሻም ንድፉን ለጎረቤትዎ ያካፍሉ። በአንድ ደጃፍ ላይ የተሰበረ ቧንቧ በሌላውም ደጃፍ መሰበሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ንድፍ ተዘጋጅቶ ከተገኘ በርሜሉ ለአንድ ቀን እንኳ ያለ አገልግሎት አይቆምም።